በሾፌሩ በኩል

ሽንኩርት ጭኜ ስወጣ ከሮቢት ቆላ፣
ጣርማበር ጠበቀችኝ በጉም ተጠቅልላ።
ዝናቡም ተጨምሮ፣ መብራቴም አንድ ዓይና፣
መጥረጊያው ሁለቴ ሄደና መጣና
ሦስተኛው ላይ ጎማው ተቦጭቆ ቀረ፤
ብረቱ ብቻውን መስታወት ቧጨረ።
ያረረ ብረት ድስት በማንኪያ ሲፋቅ፣
እንደዚያ ነው ድምፁ፣ ሰው የሚያሳቅቅ።

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነዳሁ፤
ገደሉን በዓይን ሳይሆን በጦስኝ ሽታው ለየሁ።
ከፊቴ የቀደመ የኤፍኤስአር መብራት፣
እሱን እንደ መቋሚያ ተደግፌ በጭንቀት
ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት።

ጠዋት ማሙሸት ሱቅ። መለዋወጫ ቤት።
ልጁ ጋቢ ለብሶ፣ ብርዱ እስኪለቅ ድረስ ፈገግታም የለበት።
«ሾፌሩ የት አለ?» አለኝ አሻግሮ፣
በትከሻዬ በኩል ጋቢናውን ቆጥሮ።
«እኔ ነኝ።» «አንቺ ነሽ?» «ሦስት ዓመት አለፈኝ።»
«ቁጥሩን ታውቂዋለሽ?» እዚህ ላይ ያዘኝ።
«የግራው ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት ነው» አልኩት፤
ሳቀ፣ ሜትር አወጣ፤ አንድ ጣት ነው የሳትኩት።

(ከቀኙ ወንበር ግራው አንድ ክንድ ነው ርቀቱ፤
ለኔ ግን አርባ ሰባት ዓመት
ከአንድ ቀብር ጋራ ነበረ ስፋቱ።)

«እትዬ፣ ምን አስወጣሽ የሁለቱን ዋጋ?
የቀኙን ወደ ግራ አዙሪው፤
ማን ይቀመጣል እሱ ጋ?»

እጄ ከመቀነቴ ሳይወጣ ቀረ።
እንግዳወርቅም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ያደርግ ነበረ፤
የሱ በኩል ሲያረጅ የኔን ነቅሎ ወስዶ፣
አሮጌውን ለኔ፣ ክረምት መጥቶ ሄዶ፣
አስራ ዘጠኝ ክረምት በቀኝ ተቀምጬ
ደብረ ሲናን አየሁ በውሃ ውስጥ አፍጥጬ፤
ዛፉ ሁለት ሆኖ፣ ሰው እንደ ሻማ ቀልጦ፣
የቆሎ ሻጮቹ ፊታቸው ተላልጦ።
አገሩ ነው ብዬ። መንገዱ ነው ብዬ።
«ያቺ ላም ናት?» ስለው «ድንጋይ ናት» ሲለኝ
ጥፋቱን ባይኔ ላይ ጥዬ።

ክፉ ሰው አልነበር፤ የሚነዳው እሱ፣
የሚያየው እሱ ነው፤ ትንሽ ነበር ኪሱ።
እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ጎማ ቅዳጅ
ማን ሄዶ ይናገራል፣ ለዳኛ፣ ለወዳጅ?

«ሁለቱን አምጣቸው። ረዳት አለችኝ፤
ቆሎዋን እየቆረጠመች ላም ስታይ ትንገረኝ።»
አልገባውም ልጁ። ዋጋ ግን ቀነሰ፤
ወይ አዝኖልኝ ነው፣ ወይ ብርዱ ስለባሰ።

ክንዱን ቀና አድርጌ ጨርቅ አነጠፍኩ ከሥሩ፣
ቢያመልጠኝ የመስታወት አይቀመስም ብሩ።
መቆለፊያ ምላሷን በአውራ ጣት ጫን አልኳት፣
እንቢ አለች። ዝጋለች።
ማሙሸት ፒንሳ ይዞ ሲጠጋኝ «ተው» ብዬ እንደገና ሳብኳት።
ወጣች፣ እንደ ወተት ጥርስ፣ ደረቅና ቀላል፤
አዲሷ «ቀጭ» አለች። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?
የቀኙንም ቀየርኩ። በሃይላንድ ውሃ ረጨሁ፤
አንዴ ሄደው መጡ፣ ሰማይ አየሁ።
አሮጌዎቹን አልጣልኩም፤ ጎማቸው ሲተለተል
ለጆንያ አፍ ማሰሪያ ሲባጎን ያስንቃል።

ዛሬ ወደ ቆላ ድንች ጭነናል፤
ጣርማበር ያው ጉሟን እንደለበሰች ናት፣ ዋሻውን አልፈናል።
ደብሪቱ ቆሎዋን ዘግና ዝም ብላ ቆየችና ጮኸች፦
«ላም!»
ፍሬን ያዝኩ። እውነትም ላም ነች።

በኔ በኩል ግን አለ ያ የብረት ጭረት፣
ቀስት ሆኖ የቀረ በዚያች አንድ ሌሊት፤
መጥረጊያው ይዘለዋል፣ ውሃ ይተኛበታል በክር ቅጥነት።
አይጠፋም ተብሏል። እኔም አንገቴን
ከመስመሩ ከፍ፣ ከመስመሩ ዝቅ እያደረግኩ
በሁለተኛ ማርሽ እነዳለሁ ቁልቁለቴን።